ጋሼ አልበላም ያሉ ጊዜ

ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ጭንቅላት ይዤ አውርቻለሁ፤ ወሬ ካቆምኩ እጄ ይስታል። ደንበኞቼ ይህን ስለሚያውቁ ምላጩ ጉሮሯቸው ጋ ሲደርስ «ኧረ ተጫወት እንጂ!» ይሉኛል። ቁጡ ነው ብለውም ያሙኛል። እውነታቸውን ነው፤ ቱግ እላለሁ፣ ግን ወዲያው እበርዳለሁ። ወዲያው ያልበረድኩት አንዴ ብቻ ነው። እሱ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ የማወራችሁም ስለሱ ነው። ወሬዬ የዓሣ ትል ወሬ ቢመስላችሁ አትፍረዱብኝ፤ ነገሩ የመጣው በዚያ በኩል ነው።

ፀጉር ቤቴ ሁለት ወንበርና ሁለት መስታወት አለው። በሁለቱ መስታወቶች መካከል፣ ሌላው ፀጉር ቤት የቆንጆ ወንዶች ፎቶ በሚሰቅልበት ቦታ፣ እኔ የዓሣ ገንዳ አለኝ። ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቷ እያለ ያመጣችው ነው። «አባዬ፣ ተራ የሚጠብቅ ሰው ዓሣ ካየ አይነጫነጭም» አለችኝ፤ አልተሳሳተችም። አምስት ዓሦች አሉበት። አራቱ ትንንሽ፣ ብርቱካንማ፣ ሲራወጡ የሚውሉ ናቸው። አምስተኛው እንደ መዳፍ ጠፍጣፋ፣ ሦስት ጥቁር መስመር ያለባቸው፣ ቀስ ብለው የሚዞሩ ናቸው፤ ምግብ ሲመጣ ግን ትንንሾቹን በጎናቸው ገፋ አድርገው ቀድመው ይጎርሳሉ። ደንበኞች ጋሼ አሏቸው። ጋሼ ከተባሉ በኋላ ደግሞ ማን ደፍሮ አንተ ይበላቸው? ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሁሉ «ጋሼ ዛሬ ምሳ በሉ?» እያለ ነው የሚጀምረው።

እንግዲህ ወደ ልጄ ልምጣ። ያለችኝ እሷው አንድ ናት። ትምህርቷን ስትጨርስ፣ ፀጉሩን የማስተካክለው አንድ ትልቅ ሰው ቢሮ ውስጥ ደህና ሥራ አገኘሁላት፤ ጠረጴዛ ያለው፣ መስኮት ያለው። እሷ ግን ግሬደር ልነዳ ነው አለች። ግሬደር! ያ መንገድ የሚደለድለው፣ ጎማው ደረቴ ጋ የሚደርሰው። ሥራው ደግሞ አውቶቡስ ከንጋት እስከ ከሰዓት ተጉዞ በሚደርስበት አገር ነው። ለመንኳት፣ እምቢ አለች። ጮህኩ፣ እሷም ጮኸች፤ ቁጣዋን ከማን እንደወረሰች ሚስቴን ጠይቋት። ሻንጣዋን ስታነሣ እኔ በዚህ አፌ፣ እናቷ ቆማ እየሰማች፣ «ከሄድሽ ልጄ አይደለሽም» አልኩ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ፣ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

በማግስቱ ቆጨኝ። አንድ ሌሊት ነው ያደረው ቁጣዬ! ግን ያደግኩበት ቤት «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚባልበት ቤት ነው። ይህን ተረት ያመጣውን ሰውዬ ባገኘው ጢሙን ያለ ሳሙና ነበር የምላጨው።

ሁለት ወር ተዘጋጋን። ከዚያ አንድ እሁድ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት። «ሃሎ» አልኩ።

«ዓሣዎቹ እንዴት ናቸው?» አለችኝ።

ስለ ዓሣዎቹ ነገርኳት። «እሺ በቃ፣ ደህና ሁን» አለችና ዘጋች። ከዚያ ወዲህ እሁድ በመጣ ቁጥር ትደውላለች፤ ዓሣዎቹ እንዴት ናቸው ትላለች። እኔም ጋሼ እንዲህ ሆኑ፣ የውሃ ማጣሪያውን አጠብኩ፣ ከትንንሾቹ አንዱ ሌላውን ነከሰው እያልኩ ሪፖርቴን አቀርባለሁ። አራት ደቂቃ፣ ሲበዛ አምስት። ከእናቷ ጋር በየቀኑ ሲያወሩ ይውላሉ፤ እኔ ያለችኝ ግን እሁድ ናት፣ እሁድ ውስጥ ያለው ደግሞ ዓሣ ብቻ ነው። ስለዚህ እነዚያን አምስት ዓሦች እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የምጠብቃቸው። እነሱ ካለቁ ልጄ ምን ብላ ትደውልልኛለች?

እና ጋሼ ታመሙ።

መጀመሪያ ያወቀው ዶክተር ነው። ዶክተር የምንለው የከብት ሐኪሙን፣ የሃያ ዓመት ወዳጄን ነው። ማጅራቱን እየላጨሁት በመስታወቱ ውስጥ ገንዳውን ሲያይ ቆየና «ስማ፣ ጋሼ ከስተዋል» አለኝ።

«ራስህን አትነቅንቅ» አልኩት።

«ኧረ ከስተዋል እልሃለሁ! ሆዳቸው ወደ ውስጥ ገብቷል። እስቲ ምግብ ጣልላቸው።»

ቆንጠር አድርጌ ጣልኩ። ጋሼ መጡ፣ ጎረሱ፣ መልሰው ተፉት። ዞር ብለው ጥጋቸውን ይዘው ቆሙ። ትንንሾቹም እንደ ወትሯቸው አልተሻሙም። ዶክተር አንገቱ ላይ ያሰርኩለትን ጨርቅ እየጎተተ፣ ከነአረፋው ተነሥቶ አፍንጫውን ገንዳው ላይ ለጠፈ። ብዙ ቆየ። ከዚያ በጣቱ ጠራኝ። ከጋሼ ሆድ ሥር፣ ከመውጫቸው፣ እንደ ስፌት ክር የቀጠነ ቀይ ነገር ብቅ ብሏል። ጋሼ ሲንቀሳቀሱ ሽው ብሎ ይገባል፤ ሲቆሙ ተመልሶ ይወጣል።

«ትል ነው» አለ ዶክተር። «የሆድ ትል። በበግ አውቀዋለሁ፣ በጥጃ አውቀዋለሁ፤ በዓሣ ሳይ ገና ዛሬ ነው። ትንንሾቹም አይድኑም፣ ውሃው የጋራ ነው።»

«ወይኔ ልጄን!» አልኩ።

ጋሼን ያልኩ መስሎት «አይዞህ፣ እናክማቸዋለን» አለኝ።

በማግስቱ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ለበግ የሚሰጠውን አንድ ነጭ ዱቄት ይዞ መጣ። መጽሐፍ አገላብጧል፤ ዓሣ ሲያክም የኖረ አንድ ባልደረባውንም በስልክ ጠይቋል። ቢሆንም ግራ ገብቶታል። «እኔ መድኃኒት የምሰጠው በኪሎ ነው» አለኝ። «በሬው አራት መቶ ኪሎ፣ በጉ አርባ ኪሎ። እኚህ ሰውዬ ስንት ኪሎ ናቸው?» በመጨረሻ የሚለካው የምግቡ ክብደት ነው ብሎ ወሰነ፤ ለመቶ ግራም ምግብ ሩብ ግራም ዱቄት። ከመድኃኒት ቤት የተዋሳት ሚዛን ላይ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን አጎነበስን፤ ሳስነጥስ ዱቄቱ በነነና እንደገና ጀመርን። ምግባቸውን ፈጨሁ፤ ዱቄቱን ጨመርን፤ እንዲያያዝ በጄላቲን ለወስነው። ሲረጋ በምላጭ ጋሼ የሚጎርሱትን ያህል ቆራረጥኩት። እንዲህ ያለ ቁርጥራጭ የሚያወጣ እጅ በከተማው የለም፣ ሳልፎክር ባልፍ ደግ ነበር፣ ግን እውነት ነው።

«አሁን ዋናውን ስማ» አለ ዶክተር ጣቱን ቀስሮ። «ዱቄቱ በውሃ አይሟሟም። ገንዳው ውስጥ ብትበትነው ጠጠር ላይ ተኝቶ ይቀራል፤ መዋጥ አለባቸው። ጣዕሙን ግን አይወዱትም። ስለዚህ ነገና ከነገ ወዲያ ምንም አይቀምሱም። ምንም! እሁድ ርቧቸው ሲያዩት ያለምርጫቸው ይውጡታል። ሦስት ቀን በተከታታይ ትሰጣቸዋለህ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ የተረፈ ትል ካለ እንዲጨርሰው ትደግማለህ።»

«ካልበሉስ?»

«ካልበሉማ…» ትከሻውን ሰበቀ። «ጋሼ ከሁሉም ብሶባቸዋል። ካልበሉ ለይተን ማውጣት ነው። ባይሆን ትንንሾቹ ይትረፉ።»

ገንዳው ላይ በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩ፦ «ዓሣዎቹ በሕክምና ላይ ናቸው። ምግብ የሰጠ ሰው ግማሽ ፀጉሩ ብቻ ተቆርጦ ይሸኛል።» የምግባቸውን ቆርቆሮ ምላጭ ከማስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩ። ጠዋት ጠዋት ቤቱን የምትከፍትልኝና የምትጠርገውን ሚስቴን አስጠነቀቅኩ። ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ጋዜጣ ሲያነቡ የሚውሉትን ጡረተኛ ፖስተኛ፣ አባ ፖስታ የምንላቸውን፣ እሳቸውንም በአክብሮት አስጠነቀቅኩ። «ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት የሰው ደብዳቤ ሳልከፍት ያደረስኩ ሰው ነኝ፤ በኔ ጣለው» አሉኝ።

ሁለቱ ቀን እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። ዓሣ አያውቅም የሚል ሰው ዓሣ አስርቦ አያውቅም። በገንዳው ባለፍኩ ቁጥር አምስቱም ተሰልፈው መስታወቱ ጋ ይመጣሉ፤ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ድምፅ ቢኖራቸው ጎረቤት ይሰበሰብ ነበር።

እሁድ ጠዋት መድኃኒቱን ጣልኩ። ጋሼ መጡ። አዩት። ከግብዣ ጠግቦ የመጣ ሰው ሁለተኛ ሳህን ሲቀርብለት እንደሚያደርገው፣ ዞር አሉ። ትንንሾቹ አንድ ጊዜ ቀመሱ፣ ተፉ፣ ሄዱ። ጠበቅኩ። ለመንኳቸው። አጎንብሼ «ስለ እናትዎ» እስከማለት ደረስኩ። ምንም የለም። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ያልቀመሰ ዓሣ አልበላም ካለ፣ አለቀለት ማለት ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

እጄ ላይ ይዤ አየሁት። ደህና ናቸው ብላት ከድምፄ ታውቅብኛለች። ሊሞቱ ነው ብላት ደግሞ የዛሬ ሳምንት፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ምን ልንባባል ነው? ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ሰኞ ሁለት ጊዜ ደወለች፤ ማክሰኞ አምስት ጊዜ። ዓሣዎቹም ሰኞ አልበሉም፣ ማክሰኞ አልበሉም። ለሚስቴ «ዓሣዎቹ ታመዋል እንዳትያት፤ ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው በያት» አልኳት። ሚስቴ ግን ምስኪን፣ ውሸት አይሆንላትም፤ እውነቱንም ስትናገር የዋሸች ነው የምትመስለው። በስልክ ስታወራ ሰማኋት፦ «አባትሽ ደህና ነው። ኧረ ደህና ነው። ደህና ነው አልኩሽ እኮ፣ ምን ሆነሻል!» ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ። እኔ ራሴ ሰምቻት ለራሴ ሰጋሁ።

ረቡዕ ከሰዓት ዶክተር ባልዲ ይዞ መጣ። ጋሼን ልናወጣ ነው። አባ ፖስታ ጋዜጣቸውን አጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል፤ ሚስቴ መጥረጊያ ይዛ ጥግ ቆማለች። እኔ የዓሣ ማውጫዋን መረብ ይዤ እጄን ውሃው ውስጥ መክተት አቅቶኛል። በሩ ድንገት ብርግድ አለ።

ልጄ ናት። የሥራ ቦት ጫማዋን እንዳደረገች፣ ቢጫ ሰደርያዋን እንደለበሰች፣ ከአውቶቡስ ወርዳ በሩጫ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ቆመሃል» አለች።

«ቆሜያለሁ።»

«አልሞትክም።»

«ኧረ አልሞትኩም!»

«ታዲያ ስልክ ለምን አታነሣም?!» ብላ ጮኸች። «እማዬ ሦስት ጊዜ ደህና ነው አለችኝ። ሦስት ጊዜ! ደህና ሰው አንድ ጊዜ ነው ደህና ነው የሚባለው! መንገዱን ሙሉ ምን እያሰብኩ እንደመጣሁ ታውቃለህ?»

መረቧን ከፍ አድርጌ አሳየኋት። «ጋሼ ሊሞቱብኝ ነው» አልኩ። «ትል ይዟቸዋል። አምስት ቀን አልፏቸዋል ምንም ከቀመሱ… ስድስት። መድኃኒቱንም እምቢ አሉ። ምን ብዬ ልንገርሽ?»

ገንዳው ፊት ቁጢጥ አለች። ውስጡን አየች። ልጅ እያለች የተበላሸ ነገር ሲሰጧት እንደዚያ ነበር የምታየው፤ ከታች ጀምራ ወደ ላይ። ከዚያ በጣቷ ጠጠሩን አሳየችን።

«ይሄ ምንድነው?»

«እዳሪያቸው ነዋ» አለ ዶክተር።

«ስድስት ቀን ምንም ያልበላ ዓሣ ይሄን ሁሉ እዳሪ ከየት አመጣው?»

ዶክተር አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፤ ልክ እንደ ጋሼ።

«ሆዳቸውንስ አይታችሁታል? እንኳን ሊገባ፣ ተነፍቷል። እነዚህ ዓሦች መድኃኒቱን እምቢ ያሉት ስለጠገቡ ነው።» ተነሣችና ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ዞረችብን። የመንገድ ሠራተኞቹ ፊት የምትቆመው እንደዚህ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። «ማነው የሚያበላቸው?»

ሚስቴ መጥረጊያዋን ደገፍ ብላ «ትንሽዬ ናት እኮ!» አለች። «የእንቁላል አስኳል። ይህችን የምታህል! ጠዋት በሩን ስከፍት አምስቱም አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁኛል። አንጀቴን በሉት፤ ምን ላድርግ?»

«አንቺ ሴትዮ!» ብዬ ልጀምር ስል አባ ፖስታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ… ዳቦ ነው» አሉ። «ፍርፋሪ። የተራበ ዓይን እያየህ ጋዜጣ አይነበብም።»

ልጄ ዶክተርን አየችው። ሁላችንም አየነው። ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

«ብስኩት» አለ ቀስ ብሎ።

«አንተ?!» አልኩ። ደሜ ፈላ። «ምንም አይቅመሱ ያልክ አንተ አይደለህ? ጣትህን የቀሰርክብኝ አንተ አይደለህ?»

«ነኝ። ሲራብ ያየሁት በግ ስፍር ቁጥር የለውም። በግ ግን ዓይን ዓይኔን አያየኝም።»

ቱግ አልኩላችሁ! ከሃዲዎች አልኩ፤ ጋሼን በፍቅር ልትገድሏቸው ነው አልኩ፤ ጽሑፉን በመዳፌ እየመታሁ ማንበብ ለማን ነው የተፈጠረው አልኩ፤ ሦስቱንም ግማሽ ራስ ላጭቼ አደባባይ አቆማለሁ አልኩ። ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተዋል። ልጄ ግን እኔን እያየችኝ ነው።

«አባዬ።»

«አቤት!»

«የመሳቢያው ቁልፍ ያለው ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ ነዋ፣ ሌላ ማን ጋ ይሆናል?»

«ታዲያ ያ ማጣሪያው ጥግ የተሰገሰገው ቀይ ቀዩ ደረቅ ምግባቸው እንዴት ወጣ?»

ኩም አልኩ። ባልነገርኳችሁ በወደድኩ። ማታ ስዘጋ፣ መብራቱን ከማጥፋቴ በፊት፣ ሁለት ፍሬ ጣል አደርግላቸው ነበር። ሁለት ፍሬ ብቻ! እሺ፣ አንዳንዴ አራት። ባዶ ሆዳቸውን ጨለማ ውስጥ ጥዬ መሄድ አልሆነልኝም። ሁለት ፍሬ ምን ያደርጋል ብዬ ነው፤ ለካ አራታችንም ሁለት ፍሬ ምን ያደርጋል ብለናል።

መጀመሪያ የሳቁት አባ ፖስታ ናቸው። ከዚያ ሚስቴ ሳቀች፣ መጥረጊያዋ ከእጇ ወደቀ። ዶክተር ባልዲው ላይ ተቀምጦ ዓይኑን እስኪጠርግ ሳቀ። ልጄ ብቻ አልሳቀችም። እጇን ዘረጋችልኝ። «ቁልፉን።»

ሰጠኋት።

ከአለቃዋ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ይዛ ነው የመጣችው፤ አባቴ ታሟል ብላ። ያን ዕለት ጠጠሩን በቱቦ ጠርጋ፣ ግማሹን ውሃ ቀይራ፣ ሐሙስና ዓርብ ሁለተኛው ወንበር ላይ እግሯን ዘርግታ ገንዳውን ጠበቀች። የሚገባውን ሁሉ «ኪስ!» ትለዋለች። ዶክተር ዓርብ ሲመጣ ከኮቱ ኪስ ሁለት ብስኩት አወጣችበት፤ ለራሴ ነው ብሎ ማለ፣ እዚያው ፊቷ ቆሞ እንዲበላው አደረገችው። አባ ፖስታም ዳቧቸውን ውጭ ቆመው ነው የጨረሱት። እናቷን እንኳ ሳትፈትሽ አላሳለፈቻትም።

እኔና እሷ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ዋልን፤ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲያ ሆኖ አያውቅም። ያወራነው ግን ስለ ዓሣ ነው። የገንዳው ውሃ ስንት ዲግሪ ነው፣ መድኃኒቱ የት ተቀመጠ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያወራ አፍ ተለጎመ ብላችሁ ታምናላችሁ? ለደንበኛ ስለ ኳሱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጥርስ ሕመም እቀባጥራለሁ፤ ዓይኔ ግን መስታወቱ ውስጥ እሷ ላይ ነው። ጠቁራለች። እጇ ሻካራ ሆኗል። ውሃው ውስጥ አየር የሚነፋው ሞተር ዓመት ሙሉ ሲንገጫገጭ በጥፊ ነበር የማስታምመው፤ እሷ ፈታችው፣ ጠረገችው፣ ገጠመችው፣ ድምፁ ጠፋ። ጎበዝ ልላት ፈልጌ ከአፌ የወጣው «ብሎኑን እንዳትጥዪው» ነው። እንዲህ ያለ አፍ ቢሰፋ ምን አለበት?

ማታ ማታ ቤት ከእናቷ ጋር ሲያወሩ ከጓዳ እሰማለሁ። አንድ ቁልቁለት እንዴት እንደደለደለች ትነግራታለች። ውሃ እንዳይተኛበት መሐሉን እንዴት ከፍ እንዳደረገችው፣ መሐንዲሱ መጥቶ ወርዶ በእግሩ ሄዶ እንዳየው፣ «ይህን የሠራው ማነው?» እንዳለ። እኔ በሩ ኋላ ቆሜ ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ። ግን አልገባሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ተሰበሰብን። ዶክተር «እየጠበቅን ላጨኝ» ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ግማሽ ፊቱን እንደላጨሁት ልጄ «ጊዜው ደርሷል» አለች። መድኃኒቱን ጣለች። ጋሼ ከጥጋቸው ተነቃነቁ። መጡ። አዩት። ትንንሾቹን በጎናቸው ገፋ አደረጉና ጎረሱ። ትንፋሻችንን ያዝን። አልተፉትም። ዋጡት! ሁለተኛውን ጎረሱ። ትንንሾቹም ተከትለው ተሻሙ፤ ውሃው ታመሰ። ሚስቴ እልል ልትል ስትል አባ ፖስታ «ቀስ፣ እንዳይደነግጡ!» ብለው እጇን ያዙ። ዶክተር «ትሉ ለመውጣት ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ ገና ነው፣ ገና ነው» ይላል፣ ግን ጥርሱ አልከደን ብሎታል።

እኔ ደስታዬ አሰከረኝና «በይ እንግዲህ፣ እሁድ ስትደውዪ የምነግርሽ አገኘሁ!» አልኳት።

ልጄ የምግቡን ሳህን አስቀመጠችና ዞረች። «አባዬ፣ እኔ እኮ ዓሣ አልወድም» አለችኝ።

«ምን?»

«ልጅ ሆኜ እወድ ነበር፤ ትቼዋለሁ። መኖራቸውንም የማስታውሰው ስልክ ስደውልልህ ነው።»

«ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ…»

«ስለ ምን ልጠይቅህ ታዲያ? ስለ ሥራዬ ባወራህ ትቆጣለህ። ጤናህን ብጠይቅህ ምን አገባሽ ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ። ስለ ዓሣ ግን ተቆጥተህ አታውቅም። ስለ ዓሣ ስታወራ የድሮ አባቴ ነህ።»

ምላጩ እጄ ላይ ነው። በሳምንት ሁለቴ ያጠብኩት ማጣሪያ፣ የቀየርኩት ውሃ፣ ስለ እናትዎ ብዬ የለመንኳቸው ጋሼ፣ ሁሉም መጣብኝ። እኔ ዓሣውን የምጠብቀው ለሷ ብዬ ነው፤ እሷ ዓሣውን የምትጠይቀው ለኔ ብላ። መሐላችን ላይ አንድ ቃል ብቻ ነበረ፣ እሱም የኔ ነው።

«ያኔ…» አልኩና ምላጩን በጨርቅ ጠረግኩ። እንደገና ጀመርኩ። «ያኔ ልጄ አይደለሽም ያልኩሽ፣ ውሸቴን ነው። በማግስቱ ቆጨኝ። ልደውልልሽ ስልኩን አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ኩራት ነው። ስለዚያ ቁልቁለት ስታወሪም በሩ ኋላ ቆሜ ሰምቼሻለሁ፤ ኮርቼብሻለሁ። አጠፋሁ፤ ይቅር በይኝ፣ እናቴ።»

ዶክተር ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ዓይኑን ጨፈነ። አባ ፖስታ ጋዜጣቸውን ፊታቸው ላይ ዘረጉት፤ ተገልብጦ ነው የያዙት።

የልጄ እንባ መጣ፤ በእጇ ጀርባ ጠረገችው፣ ሌላ መጣ።

«እሁድ እሁድ የምደውለው እኮ ይህን ትለኛለህ ብዬ ነው» አለች። «አንተ ስለ ማጣሪያው ስትነግረኝ፣ አሁን ይላል፣ አሁን ይላል እያልኩ እጠብቅሃለሁ። ከዚያ አራት ደቂቃ ይሞላል።»

ምላጩን አስቀምጬ ሄጄ አቀፍኳት።